ማሽኑ ጠገበ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ካራ አካባቢ ባለች የእድር አዳራሽ ውስጥ፣ ቤታቸው ስቱዲዮ ለከፈቱ ልጆች ያወራሁት ነው። ከስልክ ቅጂ የገለበጥኩት ስለሆነ ብዙም አልነካካሁትም፤ እንዳለ አንብቡት።

እንደምን ዋላችሁ! ኧረ ጮክ በሉ፣ ሃምሳ ሆናችሁ የሦስት ሰው ድምፅ ነው ያላችሁ። እንደምን ዋላችሁ? እሺ፣ እንደሱ ነው።

በመጀመሪያ አዳራሹን በነፃ ለፈቀዱልን ለእድሩ ዳኛ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከኋላ የተቀመጣችሁ ልጆች፣ ብረት ድስቶቹን አትደገፉ፣ የእድሩ ንብረት ናቸው፤ ደግሞ አንዱ ከወደቀ ንግግሬን ይበላዋል። ጄኔሬተር የለንም። መብራት ከሄደ በጉሮሮዬ እቀጥላለሁ። በየረር በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፣ ጣሪያው ደግሞ እንደምታዩት ቆርቆሮ ነው። እና ቶሎ ቶሎ ልበል።

ዛሬ የመጣሁት ለአንድ ጥያቄ ነው፦ ድምፅ ስንቀዳ ማሽኑ በሰከንድ ስንት ሺህ ጊዜ ይለካ? ይሄ ጥያቄ ስልኬን ሊያቃጥለው ነው። "ወንድሜ፣ በስንት ልቅዳ? በ44 ነው፣ በ48፣ በ96 ወይስ በ192?" በ48 ቅዳ እላለሁ። ትንሽ ዝም ይባላል። ከዚያ ሁሌም ያቺው ትመጣለች፦ "192 አይበልጥም እንዴ? ማሽኔ እኮ 192 አለው!"

አለው። አውቃለሁ። የኔም አለው። ስገዛው ሻጩ ካርቶኑ ላይ ያለችውን 192 በጣቱ እየመታ "ይሄን ከያዝክ ድምፅህ ሌላ ነው የሚሆነው" አለኝና አራት ወር የቆጠብኩትን ብር ቆጥሬ ሰጥቼው ወጣሁ። ድምፄ ሌላ ሆነ? ቆዩ፣ እሱ ጋ እንደርሳለን።

መልሴን ግን ካሁኑ ልንገራችሁ፣ ከዚያ ካስፈለገ እንጣላ። ለጆሮ ለሚቀዳ ነገር፣ ቮካል ይሁን ክራር፣ መዝሙር ይሁን ትረካ፣ ከ48 ሺህ በላይ መውጣት ሰው የሚሰማው ጥራት አይጨምርም። ሦስት ነገር አነሳለሁ፦ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ፣ ጆሯችን ምን እንደሚል፣ ብሩን የት ብናውለው እንደሚሻል። መሃል ላይ ወሬ ካበዛሁ ሳል አሰሙኝ።

አንደኛው። ድምፅ አየር ላይ ሞገድ ነው። ማይኩ ሞገዱን ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይረዋል። ኢንተርፌሱ፣ ያ ማሽን የምንለው፣ ያንን ኤሌክትሪክ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ይለካዋል። እያንዳንዷ ልኬት አንድ ሳምፕል ናት፣ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደለካ የሚናገረው ቁጥር ደግሞ ሳምፕል ሬት ይባላል። 44,100 ማለት በሰከንድ 44,100 ጊዜ ለካሁ ማለት ነው። በቃ፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

ታዲያ ብዙ ጊዜ የለካ አይሻልም ወይ? እዚህ ላይ ነው ሁላችንም የምንሳሳተው። ኢንተርኔት ላይ ያችን ሥዕል አይታችኋል አይደል? የሚያምር ሞገድ አለ፣ ከላዩ ደግሞ እንደ ደረጃ የተቆራረጠ መስመር። በ44 ደረጃው ሰፊ ነው፣ በ192 ደረጃው ቀጭን ነው። ሥዕሉን ያየ ሰው "ደረጃው ከቀጠነ ድምፁ ይለሰልሳል" ይላል። እኔም ብዬ ነበር። ግን ከማሽኑ የሚወጣው ድምፅ ደረጃ የለውም! ነጥቦቹ ተመልሰው ድምፅ ሲሆኑ የሚወጣው ያው ለስላሳው ሞገድ ነው። ደረጃው ያለው ሥዕሉ ላይ ብቻ ነው።

እንዴት ሊሆን ይችላል? እናቶቻችን ጋ እንሂድ። ሦስት ጉልቻ መሬት ላይ አስቀምጡ። በሦስቱም ላይ የሚያልፍ ክብ ሥሩ ብላችሁ፣ ስንት ክብ ትሥላላችሁ? አንድ ብቻ። ሌላ ክብ አይገኝም። አሁን እዚያው ክብ ላይ መቶ ጉልቻ ጨምሩ። ክቡ የበለጠ ክብ ሆነ? አልሆነም፣ መጀመሪያውኑ ታውቋል። ይሄ ምሳሌ ነው እንጂ ሒሳቡ ራሱ አይደለም፣ የሀሳቡ መንገድ ግን ይሄው ነው። አንድ ድምፅ ውስጥ ያለው ከፍተኛው ድግግሞሽ፣ ማለት ሞገዱ በሰከንድ የሚወዛወዝበት ብዛት፣ ከሳምፕል ሬቱ ግማሽ በታች ከሆነ፣ ነጥቦቹ ሞገዱን ሙሉ ለሙሉ ይወስኑታል። በግምት አይደለም፣ ሙሉ ለሙሉ። ሃሪ ናይኲስት እ.ኤ.አ. በ1928 የቴሌግራፍ ነገር ሲያጠና መሠረቱን ጣለ፣ ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ኮቴልኒኮቭ በ1933 ጻፈው፣ ክሎድ ሻነን በ1949 አረጋገጠው። ዛሬ የምንጠቀምበት ስልክም፣ ዲሽም፣ ኢንተርኔትም በዚሁ ሒሳብ ነው የሚሠራው። ሒሳቡ ስህተት ቢሆን ኖሮ ማይካችን ሳይሆን ዓለሙ ነበር የሚቆመው።

ስለዚህ 44,100 እስከ 22,050 ኸርዝ፣ ማለት በሰከንድ 22,050 ውዝዋዜ፣ ይይዛል። 48 ሺህ እስከ 24 ሺህ ይይዛል። 192 እስከ 96 ሺህ። ልዩነቱ ይሄ ብቻ ነው። ጣሪያውን ከፍ ያደርገዋል እንጂ ከጣሪያው በታች ያለውን ቤት አያሳምረውም።

44,100 ግን ከየት የመጣ ቁጥር ነው? ለምን 44 ሺህ ድፍን አልሆነም? ይቺን ሳልናገር አላልፍም፣ ደስ ስለምትለኝ። ያኔ ያን ያህል ዲጂታል ድምፅ የሚችል ሃርድ ዲስክ እንደልብ አይገኝም፣ የሚያስቀምጡት ቪዲዮ ካሴት ላይ ነበር። በአንዱ ዓይነት ቪዲዮ 245 መስመር፣ በሰከንድ 60 ጊዜ፣ በያንዳንዱ መስመር ሦስት ሳምፕል። አባዙት። በአውሮፓው ዓይነት ደግሞ 294 መስመር፣ 50 ጊዜ፣ ሦስት ሳምፕል። እሱንም አባዙት። ሁለቱም 44,100 ይመጣል! ከዚያ ሲዲ እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ ሲወጣ ይዞት ወጣ። ያ ቁጥር ከሰማይ የወረደ አይደለም፣ የካሴት ዘመን ውርስ ነው። 48 ደግሞ የቪዲዮ ሥራ የሚጠቀምበት ነው፣ ለዚህም ነው ዩቲዩብ ላይ የምትለቁ ሰዎች በ48 ቅዱ የምላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ጆሮ እሄዳለሁ። ከሳምፕል ሬቱ ግማሽ በላይ ያለ ድምፅ ከገባ ጣጣ አለው። ቪዲዮ ላይ የመኪና ጎማ ወደኋላ ሲዞር አይታችሁ አታውቁም? ካሜራው ስላልደረሰበት ነው፣ ያላየውን እንዳየ አድርጎ ያቀርበዋል። በ44,100 ስትቀዱ 30 ሺህ ኸርዝ ሾልኮ ከገባ 14,100 ኸርዝ ሆኖ ይወጣል። ሰው የማይሰማው ነገር የሚሰማ ቆሻሻ ሆነ ማለት ነው። ለዚህ ነው ማሽኑ በር ላይ ማጣሪያ ያለው። ድሮ ማጣሪያው ከባድ ነበር፣ ድምፁን ትንሽ ይነካካው ነበር፣ ስለዚህ በዚያ ዘመን ቅሬታ ያቀረቡ ሰዎች ዝም ብለው አላበዱም። የዛሬ ማሽኖች ግን ውስጥ ለውስጥ በሰከንድ በሚሊዮን የሚቆጠር ጊዜ ለክተው፣ በዲጂታል አጣርተው፣ የጠየቃችሁትን 48 ይሰጧችኋል። ከፍተኛ ሳምፕል ሬት ፈለግን እያልን የምንሟገትበትን ነገር ማሽኑ ሳንጠይቀው ሠርቶ ጨርሶታል።

ሁለተኛው፣ ጆሮ። የሰው ጆሮ ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ይሰማል ይባላል። እሱም የጤነኛ ልጅ ጆሮ ነው። ዕድሜ ሲጨምር ከላይ እየተሸረፈ ይሄዳል። እኔ አርባን አልፌያለሁ፣ ከ14 ሺህ በላይ ለኔ ጸጥታ ነው። የእህቴ ልጅ 16 ዓመቱ ነው፣ 17 ሺህ ስከፍትለት "አጎቴ፣ ኧረ ዝጋው!" ይላል። ድምፁ መኖሩን የማውቀው የሱን ፊት አይቼ ነው። እንግዲህ 192 እስከ 96 ሺህ ይይዛል ብለናል። ማን ሊሰማው? የሰፈራችን ውሾች እንኳ እዚያ ድረስ አይሰሙም። አድማጫችሁ የሌሊት ወፍ ከሆነ አላውቅም።

ደግሞስ ማይኩ? ብዙዎቻችሁ እጅ ላይ ያለው ያ መድረክ ላይ የምታውቁት ሹር ኤስ ኤም 58፣ ፋብሪካው ራሱ እስከ 15 ሺህ ኸርዝ ነው የሚለው። በ15 ሺህ በር እያስገባህ የ96 ሺህ አዳራሽ ትከራያለህ?

"እኔ ግን ልዩነቱን እሰማለሁ" የሚል አለ። እሺ። እኔም እሰማለሁ ብዬ ነበር። የእህቴን ልጅ አስቀመጥኩት። በ96 የተቀዳ ክራር ነበረኝ። አንዱን እንዳለ ተውነው፣ ሌላውን ወደ 44,100 አውርደን መልሰን ወደ 96 አወጣነው፣ ፋይሎቹ በመልክ እንዳይለዩ። የድምፅ መጠናቸውን እኩል አደረግን፣ ይሄ ዋና ነገር ነው፣ ምክንያቱም ትንሽ ጮክ ያለው ሁሌ "ጥራት ያለው" ይመስለናል። ከዚያ እሱ ሳንቲም እየወረወረ ይከፍታል፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ እገምታለሁ። ሃያ ጊዜ። በየመሃሉ "ይሄ ነው! አየሩ ይለያል!" እያልኩ እጄን አወራጫለሁ። ስንቱን መታሁ? አሥራ አንዱን። ሳንቲሙ ራሱ ቢገምት ያን ያህል ይመታል። ልጁ እስካሁን "አየሩ ይለያል" እያለ ይስቅብኛል፣ ሻይ ሳቀርብለት ሳይቀር።

የኔን ተዉት። እ.ኤ.አ. በ2007 ሜየርና ሞራን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ያሳተሙት ሙከራ አለ። ከፍተኛ ጥራት ያለውን ድምፅ እንዳለና በሲዲ ልክ አሳልፈው ለአድማጮች አሰሙ። 554 ጊዜ ተሞከረ፣ 276ቱ ትክክል ሆነ። 49.8 በመቶ። አሁንም ሳንቲም ነው። እውነቱን ሁሉ ልናገር ካልኩ ግን እ.ኤ.አ. በ2016 ጆሹዋ ራይስ የሚባል የለንደን መምህር 18 ሙከራዎችን አንድ ላይ ሰብስቦ ሲያሰላ ወደ 52 በመቶ አገኘ፣ ጆሯቸውን ላሠለጠኑት ደግሞ ከ60 ትንሽ አለፍ ያለ። ስለዚህ "ምንም የለም" ብዬ አልምልም። ካለም ግን፣ በጣም ጸጥ ባለ ክፍል፣ በጣም ጥሩ ስፒከር፣ የሠለጠነ ጆሮ እየገመተ የሚያገኛት ቅንጣት ናት። የናንተ አድማጭ ደግሞ ታክሲ ውስጥ ነው፣ በአንድ ጆሮው ኢርፎን ሰክቷል፣ በሌላው ረዳቱ "ካራ፣ ካራ፣ የሞላ!" ይለዋል።

አሁን የበገናውን ታሪክ ልንገራችሁ። እዚያ የሳልከው ልጅ፣ ይቺን ብቻ ፍቀድልኝ።

ማሽኑን በገዛሁ በሁለተኛው ወር፣ ሁዳዴ ነው፣ አንድ የበገና መምህር ቤቴ መጡ። ትልቅ አባት ናቸው። ቤቴ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፣ በገናዋን ተሸክመው ደረጃውን ወጡ። እኔ ደግሞ ልታይ ልታይ ብዬ ያለኝን አራቱንም ማይክ ደቀንኩ፣ 24 ቢት፣ 192። ቢት ማለት እያንዳንዷ ልኬት ምን ያህል በዝርዝር እንደምትጻፍ ነው። እንዚራ የምትባለው ትንሽ ቆዳ አውታሩን ስትነካ የምትሰጠውን ያን ርርር የሚል ንዝረት ታውቁታላችሁ አይደል? እሱን አንድም ሳላስቀር እይዛለሁ ብዬ ነው።

ሒሳቡን አልሠራሁም። አራት ማይክ በ192 በደቂቃ ወደ 138 ሜጋ ይበላል። ላፕቶፔ ላይ የቀረው ስድስት ጊጋ ነበር። መምህሩ መቃኘቱን ራሱ ረጋ ብለው ነው የሚያደርጉት፣ እኔም ሁሉንም እቀዳለሁ ብዬ አላቆምኩም። ከዚያ ዐይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ግድግዳው ራሱ የሚያዳምጥ ነበር የሚመስለው። አርባ ደቂቃ ሲያልፍ፣ ልክ ከሁሉም የሚያምረው መሃል ላይ፣ ስክሪኑ ላይ አንዲት ሣጥን ብቅ አለች። ዲስክ ሞልቷል። ቀጥ።

እጄ ሲንቀጠቀጥ አዩኝ መሰለኝ ዐይናቸውን ገለጡ። "ምን ሆነ ልጄ?" አሉኝ። "አባ፣ ማሽኑ ሞላ" አልኩ። ዝም ብለው አዩት አዩትና "እኛ እየጾምን ማሽኑ ጠገበ በለኛ" አሉ።

በ48 ብቀዳ ያው ስድስት ጊጋ ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስደኝ ነበር። ያንን መዝሙር ደግመው ደረደሩልኝ፣ ደግ ናቸው፣ ግን የመጀመሪያው አልሆነም። አይሆንምም።

ማታ የተረፈችውን ቅጂ ከፍቼ፣ እስቲ ያ 192 ምን ያዘልኝ ብዬ ድግግሞሹን በሥዕል አየሁት። ከ20 ሺህ በላይ ከበገናው ይህ ነው የሚባል ነገር የለም። የቻርጀሬ ጩኸት ግን አለ! ቀጥ ያለች መስመር፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ወደ ታች ወርጄ ሳይ ደግሞ ሌላ ወፍራም መስመር አለ። ምን መሰላችሁ? ወጥ ቤት ያለው ፍሪጅ። ረስቼው ሳልነቅለው ነው የቀዳሁት። ስለዚህ ለሻጩ ወሬ መልስ አገኘሁ፣ ድምፄ ሌላ ሆነ ወይ ላልኳችሁ፦ የፍሪጄን ድምፅ በዓለም ደረጃ ቀድቼዋለሁ።

ሦስተኛው፣ ብሩን የት እናውለው የሚለው፣ ይሄው ነው፣ ሳላስበው ገባሁበት። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባል የለ? እስቲ ሁላችሁም አንድ ጊዜ አጨብጭቡ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እኩል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!

ሰማችሁ? ከኋላዋ የተከተለችውን "ትርርር" ሰማችኋት? ግድግዳና ግድግዳ እየተቀባበሉ ነው። ቤታችሁ ሄዳችሁ የምትቀዱበት ክፍል ውስጥ ይሄንኑ አድርጉ። ያ ትርርር ቮካላችሁ ላይ አለ። በ44ም አለ፣ በ192ም አለ። ፕለጊን፣ ያ ኮምፒውተር ላይ ድምፅ የምናስተካክልበት ሶፍትዌር፣ ሙሉ ለሙሉ አያወጣውም።

ምን እናድርግ? የእንቁላል ካርቶን አትለጥፉ፣ እባካችሁ። አንድ ጎረቤቴ ክፍሉን ከላይ እስከ ታች ለብጦት ገባሁ፣ ያማረ ነበር፣ አጨበጨብኩ፣ ያው ትርርር። ካርቶን ስስ ነው፣ ድምፅ የሚመጠው ወፍራምና ለስላሳ ነገር ነው። ብርድ ልብስ፣ ፍራሽ፣ ጋቢ። ከዘፋኙ ጀርባ ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀሉ፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቃችሁ። ማይኩን ከአፍ አንድ ስንዝር፣ ትንሽ ወደ ጎን። ፍሪጁን ንቀሉ፣ ግን ስትጨርሱ መሰካት አትርሱ፣ እኔ አንዴ የባለቤቴን የሳምንት ወጥ አበላሽቼ የተባልኩትን እዚህ አልደግመውም። ሌሊት ቅዱ የሚሉ አሉ፣ እኛ ሰፈር ሌሊት ውሻና ጅብ ይቀባበላሉ፣ ቀን ባጃጅ አለ። እኔ ያገኘኋት ሰዓት ከቀኑ ዘጠኝ አካባቢ ናት። እናንተም የሰፈራችሁን ሰዓት ፈልጉ።

ቢቱን ግን 24 አድርጉት። እዚህ ላይ አልከራከርም። 16 ቢት በወረቀት ከትንሹ እስከ ትልቁ ድምፅ ወደ 96 ዴሲቤል ስፋት አለው፣ 24 ቢት 144፣ ማሽኖቹ ራሳቸው እዚያ ባይደርሱም። ጥቅሙ ምንድን ነው? ጌኑን፣ ማለት ማይኩ ወደ ማሽኑ የሚገባበትን ጉልበት፣ ዝቅ አድርጋችሁ መቅዳት ትችላላችሁ። ዘፋኙ ድንገት ሲጮህ ቀይ አይበራም፣ አይቀደድም። 192ን ትታችሁ 24ን ያዙ።

አየሁህ፣ እጅህን አየሁ። "ታዲያ 96 ለምን ተሠራ?" ነው አይደል? ጥሩ ጥያቄ ነው። የሚጠቅምበት ቦታ አለ። ድምፁን በኋላ በጣም የምታዘገየው ከሆነ፣ ለፊልም የጅብ ጩኸት ቀድተህ አራት እጥፍ ስታዘገየው፣ ከላይ የነበረው ወደምንሰማው ቦታ ይወርዳል፣ ያኔ 96ም 192ም ዋጋ አለው፣ ማይክህ ከያዘው። ድምፅ የሚያሻክሩ ፕለጊኖች፣ ዲስቶርሽን ምናምን፣ በከፍተኛ ሬት ንጹሕ ይሠራሉ፤ ብዙዎቹ ግን ኦቨርሳምፕሊንግ የምትል፣ ውስጥ ለውስጥ ሬቱን ከፍ የምታደርግ ቁልፍ አላቸው፣ እሷን መጫን ይበቃል። ዘፋኙ በሄድፎን ራሱን ዘግይቶ ከሰማ ደግሞ ባፈር፣ ማለት ኮምፒውተሩ ከማሰማቱ በፊት የሚያጠራቅመው፣ 256 ሳምፕል ከሆነ በ48 አምስት ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፣ በ96 ግማሹ። ግን ባፈሩን ወደ 128 ብታወርደውም ያው ነው። ደንበኛህ በ96 ስጠኝ ካለህና ከከፈለህ፣ በ96 ስጠው። ከደንበኛ ጋር በናይኲስት አትከራከር።

ሰማችሁ? ጀመረ። ቆርቆሮው ጀመረ።

እንግዲህ ከዚህ በላይ ብጮህም አልሰማም። ስልኬ እየቀዳ ነው፣ በ48፣ ይሄን ዝናብ አንድ ጠብታ ሳያስቀር ይዞታል፣ የኔን ድምፅ ግን እንጃ። ጥያቄ ያላችሁ ወደ ፊት ጠጋ በሉ። ልጆች፣ ያን መስኮት ዝጉት። ጋሼ፣ እርስዎ የተቀመጡበት ጋ ያፈሳል፣ ወደዚህ ይምጡ።